ተስፋችን በማን ትከሻ ላይ ነው?

ውድ ወጣቶች፣ እኛ ነሐሴ ሲያልቅ ለአዲስ ዓመት ስንዘጋጅ፣ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የራሳቸውን እንቁጣጣሽ ይጠብቃሉ። የዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ውድድር ሊጀመር ነው። እኛ ኳስ ስንል የምናስበው በእግር የሚለጋውን ድቡልቡሉን ነው። የእነርሱ ግን እንቁላል መሳይ ነው፤ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ተጫዋቾቹም የራስ ቁር አጥልቀው ይጋጫሉ። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከ18 እስከ 22 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ማለትም የእናንተ እኩዮች ናቸው።

በዚያ ሳምንት በከፍተኛው ምድብ ያሉት ከ130 በላይ ቡድኖች ሁሉ እኩል ናቸው፤ ድል ዜሮ፣ ሽንፈትም ዜሮ። ባለፈው ዓመት ከ12 ጨዋታ ዘጠኙን የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ እንኳ ማልያውን ከሣጥን አውጥቶ “ዘንድሮ ይለያል” ይላል። አዲስ አሠልጣኝ መጥቷል፤ ልጆቹ በእረፍት ወራት ጠንክረው ሠርተዋል፤ ከሁለተኛ ደረጃ የመጣው አዲሱ ልጅ ክንዱ ብርቱ ነው ተብሏል። እንዲህ ያለውን ቡድን “በመልሶ ግንባታ ላይ ነው” ይሉታል። ገና የቆመ ግድግዳ የለም፤ ደጋፊው ግን ቤቱ ተሠርቶ አልቆ ይታየዋል።

ይህ ተስፋ ምንድን ነው? ሞኝነት ነው ወይስ በጎ ነገር? ከዚህ የሚከብድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተስፋው ሳይሳካ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ጥያቄው ከሩቅ አገር ኳስ ይነሣ እንጂ ወደ ቤታችንና ወደ ጉባኤያችን የሚመጣ ስለሆነ፣ እስቲ አብረን እንመርምረው።

የነብራስካ ሰዎች

ነብራስካ በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ፣ በበቆሎና በከብት እርባታ የምትታወቅ፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያላት ክፍለ ግዛት ናት። በአገሪቱ ትልልቅ ሊጎች የሚጫወት ቡድን የላትም። ስለዚህ ሕዝቡ ልቡን የሰጠው በሊንከን ከተማ ላለው የዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ቡድኑ “ኮርንሃስከርስ” ይባላል፤ ስሙ በቆሎ ከሚሸለቅቁ ገበሬዎች የተወሰደ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ) በ1970፣ በ1971፣ በ1994፣ በ1995 እና በ1997 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። ኮሮና ስታዲየሞችን ከዘጋበት ከ2020 በስተቀር፣ ከ1962 ጀምሮ በሜዳው ያደረጋቸው ጨዋታዎች ትኬት በሙሉ ተሸጦ አልቋል። ስታዲየሙ በጨዋታ ቀን ሲሞላ፣ በውስጡ ያለው ሰው ከሁለቱ ትልልቅ ከተሞች በቀር ከየትኛውም የነብራስካ ከተማ ሕዝብ ይበልጣል።

ይህ ኩሩ ቡድን ከ2017 እስከ 2023 ሰባት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በዛ። በ2017 መጨረሻ ቡድኑን እንዲያድን የተጠራው ስኮት ፍሮስት ነበር። ፍሮስት የነብራስካ ልጅ ነው። የ1997ቱን ሻምፒዮን ቡድን በኳርተርባክነት፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን በሚመራው ተጫዋችነት፣ ያገለገለ ነው። ከዚያ በፊት ያሠለጥነው የነበረው የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ እርሱ ሳይረከበው በ2015 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም ተሸንፎ ነበር። በ2017 ግን በእርሱ እጅ 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ተስፋ ለማድረግ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በ2018 የጸደይ ወራት ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ሲለማመድ ለማየት ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየሙን ሞላ። ከዚያ ውድድሩ ደረሰ። የመጀመሪያው ጨዋታ በመብረቅና በዝናብ ምክንያት ተሰረዘ፤ ቀጥሎ ያሉትን ስድስት ጨዋታዎች አከታትለው ተሸነፉ። በ2021 ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፉ፤ ዘጠኙንም ጊዜ ልዩነቱ ከ10 ነጥብ ያነሰ ነበር። በዚህ ስፖርት አንድ ጊዜ ብቻ ኳሷን ከመስመሩ ማሳለፍ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። “ለጥቂት” የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ መስማት ምን ያህል እንደሚያደክም ገምቱ።

የነሐሴ ተስፋ እና የኅዳር ተስፋ

እዚህ ላይ ሦስት የምናምታታቸውን ነገሮች እንለያይ። ትንበያ ማስረጃ ቆጥሮ “ይህ ይሆናል” ይላል፤ ካልሆነ ስሕተት ነበር፣ በቃ። ምኞት “ይህ ቢሆን ደስ ይለኛል” ይላል፤ ከተቀመጠበት ግን አይነሣም፣ ምንም አያወጣም። ተስፋ ከሁለቱም ይለያል። ተስፋ የሚያደርግ ሰው መልካሙ ነገር ገና እንዳልመጣ ያውቃል፤ ሊዘገይ እንደሚችልም ያውቃል፤ ቢሆንም ከጎኑ ይቆማል፤ በመቆሙም የራሱን የሆነ ነገር ይሰጣል።

በ2018 ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ያመነው በአብዛኛው ትንበያን ነበር ማለት ይቻላል። ማስረጃው ጥሩ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ሰው በማስረጃ ማመዛዘኑ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ማስረጃው ሲከዳ ምን ቀረ? ኅዳር ደርሶ፣ ብርዱ ገብቶ፣ ቡድኑ ስምንት ጊዜ ተሸንፎ ሳለ፣ ለዘጠነኛው ቀይ ልብሱን ለብሶ የመጣው ሰው በምን መጣ? በትንበያ እንዳይባል ትንበያው ፈርሷል። በምኞት እንዳይባል ምኞተኛ ቤቱ ሶፋ ላይ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ተስፋን የት እንዳስቀመጠው አስተውላችኋል? ከመከራ ይነሣል፣ በትዕግሥት ያልፋል፣ ተፈትኖ በጸና ማንነት በኩል ይመጣል፤ ተስፋ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። እርሱ የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ክብር እንጂ ስለ ኳስ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱን አናስተካክል። ቅደም ተከተሉ ግን ለሁላችንም ትምህርት ነው። የነሐሴ ተስፋ ገና ምንም አልደረሰበትም። ደስ ይላል፣ አይናቅም፤ ግን አልተፈተነም። የኅዳሩ ተስፋ ሽንፈትን አይቷል፤ ሽንፈትን አይቶም አልሄደም።

ሁሉም ትኬት በንጹሕ ፍቅር ተሸጠ ማለቴ አይደለም። ከ1962 ጀምሮ የቆየው ታሪክ እንዳይቋረጥ በጎ አድራጊዎች የተረፉ ትኬቶችን የገዙበት ጊዜ አለ። በ2021 እንዲህ የተገዙ ትኬቶች መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች ተሰጥተዋል። ኩራት ነበር ወይስ ተስፋ? ሁለቱም ሳይኖሩበት አይቀሩም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ገንዘቡንም ጊዜውንም ብርዱንም የከፈለው ተስፋ አድራጊው ራሱ ነው። ለማንም ሒሳብ አልላከም።

ከነብራስካ በስተደቡብ በምትገኘው በካንሳስም የሚጠቀስ ታሪክ አለ። የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን 30 ጨዋታ ያለ አንድ ድል አሳልፎ፣ በመስከረም 1989 ኖርዝ ቴክሳስን በመጨረሻዋ ቅጽበት 20 ለ 17 አሸነፈ። በዚያ ዓመት ያገኘው ድል ይኸው ብቻ ነው፤ የቀሩትን 10 ጨዋታዎች ተሸንፏል። አዲሱን አሠልጣኝ ቢል ስናይደርን ግን አላባረሩትም። በ1993 ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ፤ ዛሬ ስታዲየሙ በእርሱ ቤተሰብ ስም ይጠራል። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ “ቀስ በቀስ” የሚለው ክፍል ሲኖሩት ዓመት ይፈጃል።

ሸክሙን የሚሸከመው

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ተስፋችንን በሰው ላይ ስንጥል፣ ያ ሰው ይሸከመዋል።

ፍሮስት 16 አሸንፎ 31 ከተሸነፈ በኋላ መስከረም 1 ቀን ተባረረ፤ በእኛ የ2015 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 ማለት ነው። ውሉ ስለፈረሰ የሚከፈለው 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሦስት ሳምንት ቢታገሡ ክፍያው በግማሽ ይቀንስ ነበር፤ አልታገሡም። በዚያው ቀን ይሂድልን ብሎ የጮኸው ሕዝብ፣ አራት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ እርሱን በመቀበል ስታዲየም የሞላው ሕዝብ ነው። ሰውየው በዚያ መካከል ክፉ ሰው አልሆነም፤ ሕዝቡ በራሱ ትከሻ ያልያዘውን ተስፋ በእርሱ ላይ ጭኖ ነበር፤ ሊያደርስለት ባልቻለ ጊዜም እንደ ዕዳ ጠየቀው።

አሠልጣኙ ቢያንስ ተከፍሎታል። ተማሪዎቹስ? በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ክፍለ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዲፈቅዱ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊው ቡድኑ እንዲያሸንፍ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ የ19 ዓመት ልጅ ይህን ያህል ርቀት እንዲሮጥ፣ ይህን ያህል ኳስ እንዲይዝ ገንዘብ ያስይዛል። በ2024 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር፣ በአንድ ተማሪ የግል ውጤት ላይ የሚደረግ ውርርድ እንዲከለከል ክፍለ ግዛቶችን ጠይቀዋል። አንዱ ምክንያታቸው በውርርድ የተበሉ ሰዎች በተማሪዎቹ ላይ የሚያደርሱት ማዋከብ ነው። ልጁ ኳሷን ስለሳታት በስልኩ ስድብና ዛቻ ይደርሰዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ክፍል ገብቶ ይማራል።

የውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ በተከፈቱበት በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የተወራረደ ሰው “ተስፋ አድርጌያለሁ” ሲል እንሰማለን። ቃሉን ግን አናበላሸው። ውርርድ ሌላው ላብ አፍስሶ እኔ እንድሰበስብ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህም ሲከሽፍ ወዲያው ቁጣ ይሆናል። አንድን ተስፋ ለመለየት ከምናውቃቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሲከሽፍ ወደ ምን ይለወጣል? ወደ ሐዘን ከተለወጠ ፍቅር ነበረበት። ወደ ጥላቻ ከተለወጠ ግን ቀድሞም የዕዳ ወረቀት ነበር።

“ታዲያ አይጠየቁም?”

ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚል ይኖራል፤ “አሠልጣኙ በሚሊዮን ይከፈለዋል። ሥራውን ካልሠራ ይጠየቃል፤ ይህ ምን ጥፋት አለው?” ልክ ነው፤ ጥፋት የለውም። ተጠያቂነት መልካም ነገር ነው፤ ለፈረመው ውል፣ ለያዘው ደመወዝ፣ ለሚያሠለጥናቸው ልጆች ደኅንነት ይጠየቅ። ሊያመልጠንም የማይገባው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሰውን ለተቀበለው አደራ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ እርሱ ላልፈረመበት ነገር፣ ማለትም ለእኔ ደስታ፣ ለእኔ ክብር፣ ለእኔ ሰኞ ጠዋት ስሜት መጠየቅ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ፍትሕ ነው። ሁለተኛው ከሰው የአምላክን ሥራ መፈለግ ነው፤ እንዲህ የተጫነበት ሰው ደግሞ መሰበሩ አይቀርም።

ሌላው ደግሞ “ትዕግሥት ትዕግሥት ትላለህ፤ ኢንዲያና በአንድ ዓመት አልተነሣም ወይ?” ይል ይሆናል። ይህም እውነት ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2023 ከ12 ጨዋታ ዘጠኝ ተሸነፈ። አዲሱ አሠልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከቀድሞ ቡድኑ ብዙ ተጫዋቾች አስከትሎ መጣ፤ በ2024 11 አሸንፎ ሁለት ብቻ ተሸነፈ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ደግሞ አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። እነሆ፣ ማንም ያልተነበየው ሆነ። ይህ ተስፋ ሞኝነት አለመሆኑን ያሳየናል፤ ዓለም ከትንበያችን ትሰፋለች። ይሁን እንጂ ስጦታን ከሌላው እንደ ግብር መጠየቅ አይቻልም። ደግሞም ዛሬ ተጫዋቾች ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ መዛወር ስለሚችሉ፣ ቡድን በፍጥነት የሚገነባው ብዙ ጊዜ ሰውን በሰው በመተካት ነው። አዲስ ሲመጣ ቦታውን የሚለቅ አለ። ቤቱ ሲታደስ ተነቅለው የሚወጡት ድንጋዮች ሳይሆኑ ሰዎች መሆናቸውን አንርሳ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ “የቤተሰቡ ተስፋ” ትባላላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቁ፣ ከቤታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ አላችሁ። የሚወዷችሁ ሰዎች ተስፋ ማድረጋቸው በረከት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ እናንተ የምትጠየቁት ለትጋታችሁ ነው። የእናታችሁን የሃያ ዓመት ድካም በአንድ ፈተና እንድትክሱ ማንም ሊጠይቃችሁ አይገባም፤ ያን ማድረግም አትችሉም። ብትወድቁ የወደቀው ፈተናው ነው፤ ልጅነታችሁ አልወደቀም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ጫኞች ናችሁ፤ ምናልባትም ሳታውቁት። ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ያለችው ወጣት በየጉባኤያችን አለ። ቤቱ የሚታደሰው፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ የሚከፈለው በእርሷ ገንዘብ ነው። ወሩ ሲያልፍ ስልክ ይደወላል፤ “ምነው ዘገየሽ?” ይባላል። “እንዴት አደርሽ፣ በልተሻል ወይ፣ አሞሻል ወይ?” የሚለው ግን ይረሳል። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህ ተስፋ ነው ወይስ ሒሳብ? እርሷ የእናንተን ተስፋ ስትሸከም፣ እናንተ ከእርሷ ሸክም የትኛውን ይዛችኋል?

በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። አዲስ የመዘምራን መሪ ወይም አዲስ የወጣቶች አገልጋይ ሲመጣ ነሐሴ ይሆንልናል፤ “አሁን ተነሣን!” እንላለን። ከስድስት ወር በኋላ ልምምድ ላይ አራት ሰው ብቻ ይመጣል፤ ያኔ “ድሮም እርሱ አይችልም” ማለት ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን ያጨበጨብን እኛ በኅዳር የት ነበርን?

ነብራስካ በ2024 ሰባት አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ። ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የዓመቱ መዝጊያ ግጥሚያ ቦስተን ኮሌጅን 20 ለ 15 ረታ፤ ከሽንፈት የሚበልጥ ድል ያየው ከ2016 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ጨዋታውን የመራው ኳርተርባክ ከሁለተኛ ደረጃ ገና የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ደስታው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በ2021 ዘጠኝ ጊዜ ለጥቂት የተሸነፉት ልጆች አብዛኞቹ ያን ቀን በማልያ አላዩትም፤ ተመርቀው ወይም ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ነበር። ውጤትን ብቻ የሚቆጥር ተስፋ ለእነዚህ ልጆች ቦታ የለውም። በኅዳር ብርድ የመጣው ደጋፊ ግን ለእነርሱም አጨብጭቧል።

የዚያ ስታዲየም ሰዎች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ፣ አሸንፎም ይሁን ተሸንፎ፣ ከሜዳ ለሚወጣው የእንግዳው ቡድን ተነሥተው ያጨበጭባሉ። ተስፋቸውን ያፈረሰባቸው ቡድን እንኳ ቢሆን።

እንግዲህ የእናንተም አዲስ ዓመት፣ አዲስ ትምህርት፣ አዲስ አገልግሎት ሊጀመር ነው። ተስፋ አድርጉ፤ አትፈሩ። ነገር ግን በዚህ ሳምንት ተስፋችሁን የጣላችሁበትን አንድ ሰው አስቡ። አባታችሁ፣ እኅታችሁ፣ መሪያችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደውሉለት ወይም ሄዳችሁ አግኙት፤ ምን እንደምትጠብቁበት ሳይሆን፣ ነገሩ ባይሳካ እናንተ ምን እንደምትሸከሙ ንገሩት። በሚቀጥለው የወጣቶች ስብሰባችሁም ምን እንደመለሰላችሁ ተወያዩበት።